«ኮሽን» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ወንድሜ፣ በፀረ አረሙ ጠርሙስ ላይ ያየኸው «ኮሽን» ጥንቃቄ ማለት ነው። ግን ደረጃ አለው። በአሜሪካ የፀረ ተባይ መለያ ላይ «ዴንጀር» ከባዱ ነው፣ «ዋርኒንግ» መካከለኛው፣ «ኮሽን» ደግሞ ከሁለቱ ቀለል ያለው። ቀለል ይላል እንጂ መርዝነቱ የትም አልሄደም፤ ጎረቤትህ «ኮሽን ካለ አይጎዳም» ያለህን እርሳው። ጠርሙሱ ግርጌ ሰማያዊ መስመር ካለ ከዚሁ ደረጃ ነው፣ ቀይ ካየህ ግን ጨዋታ የለም። በቆሎህን ስትረጭ ጓንት አድርግ፣ ነፋስ ካለ ተወው፣ ባዶውን ጠርሙስ ደግሞ አደራ፣ አጥበህም ቢሆን ዘይት ወይም አረቄ እንዳትቀዳበት (እኛ ጎጃሜዎች ዕቃ መጣል አንወድም!)። ኳስ የምታይ ከሆነ፣ ዳኛ ቢጫ ካርድ ሲያወጣም በእንግሊዝኛው ደንብ «ኮሽን» ነው የሚባለው።