«ሥር» ወይስ «መነሻ»? የጊታር ኮርዶች በአማርኛ

ጥያቄ፦ ጊታር እየተማርኩ ነው። ማስታወሻዬን የምይዘው በአማርኛ ነው። ኤ ከሚባለው ድምፅ የሚጀምሩትን ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) ለብቻ ሰብስቤ ከላያቸው «በኤ ሥር ላይ የተገነቡ የኮርድ ዓይነቶች» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ግን «ሥር» የሚለውን «ዝቅተኛው ድምፅ» ብሎ ተረዳው። ተሳስቻለሁ? «ሜጀር» እና «ማይነር»ንስ ልተርጉማቸው?

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ በጓደኛዎም አይፈረድም። «ሥር» ሁለት ፍቺ አለው። አንዱ የዛፍ ሥር ነው። «ሰበረ»፣ «ሰባራ»፣ «ስብራት» ከአንድ ሥር ወጡ የምንለው በዚህ ፍቺ ነው፤ እርስዎም ያሰቡት ይህንኑ ነው። ሌላው «በታች» ማለት ነው፤ «አልጋው ሥር» እንደምንለው።

ኮርድ ላይ ሁለቱ ይጋጫሉ። የኤ ሜጀር ድምፆች ኤ፣ ሲ ሻርፕ (ከሲ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው) እና ኢ ናቸው። ዝቅተኛውን ድምፅ ሲ ሻርፕ ቢያደርጉትም ኮርዱ ያው ኤ ሜጀር ነው። እንግዲህ «ከሥር ያለው ድምፅ» ሲ ሻርፕ ሆኖ «የኮርዱ ሥር» ኤ ሊሆን ነው! ጊታር ላይ ደግሞ ወፍራሙ ክር የሚገኘው ከላይ በኩል ስለሆነ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ እኔ «መነሻ ድምፅ» የሚለውን እመርጣለሁ። «ላይ የተገነቡ» የሚለውም ይከብዳል። «ከኤ የሚነሱ ኮርዶች» ቢሉ በቂ ነው።

«ሜጀር»ና «ማይነር»ን አይተርጉሟቸው። «ዐቢይ»ና «ንዑስ» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን አብሮዎት የሚጫወት ሰው «ኤ ንዑስ» ቢሉት ግራ ይገባዋል። ይልቅ ስሙ ምን እንደሚል ይወቁ። የተለመደውን ኤ ሜጀር ይያዙ። ሁለተኛው ክር ላይ ያለውን ጣት ከሁለተኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት በብረት መስመሮች የተከፈለበት ቦታ) ወደ አንደኛው ይመልሱት። ሲ ሻርፕ ሲ ሆነ፤ ኮርዱም ኤ ማይነር ሆነ።

ብዙ ተማሪ የሚደናገረው «ሰቨን» (ከመነሻው ሲቆጠር ሰባተኛው ድምፅ) ሲጨመር ነው። «ኤ ማይነር ሰቨን» እና «ኤ ሜጀር ሰቨን» ሲታዩ አሰካካቸው አንድ ይመስላል። አይደለም። በመጀመሪያው «ማይነር» የሚገልጸው ኮርዱን ነው፤ ኤ ማይነር ላይ ጂ ተጨመረ ማለት ነው። በሁለተኛው ግን «ሜጀር» የሚገልጸው «ሰቨን»ን ነው። የተጨመረው ድምፅ ጂ ሻርፕ መሆኑን ይነግረናል። ያለ «ሜጀር» «ኤ ሰቨን» ብቻ ቢሉ ሦስቱ የኤ ሜጀር ድምፆች እንዳሉ ናቸው፤ አራተኛው ብቻ ጂ ይሆናል። ስለዚህ ሲያነቡ «ኤ ማይነር» ብለው ትንሽ ቆም ይበሉና «ሰቨን» ይበሉ። ሌላውን ግን «ኤ» ብለው ቆም ካሉ በኋላ «ሜጀር ሰቨን»ን አያይዘው ይጥሩት። ሲጽፉም «ኤ ሜጀር-ሰቨን» ብለው በሰረዝ ቢያጣብቁት ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብሎ ለተማረ ሰው «ሲ» ማለት እርስዎ «ቢ» የሚሉት ድምፅ ነው፤ የእርስዎ «ሲ» ለእሱ «ዶ» ነው። ማስታወሻዎን ለሌላ ሰው ከማዋስዎ በፊት በየትኛው አጠራር እንደጻፉ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስፍሩ።