ልብስ ከመሰብሰባችሁ በፊት

ይድረስ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣቶች፣

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ቆማችሁ ስትመካከሩ ሰማኋችሁ። ከደጋው ቀበሌዎች በአንዱ በልጉ ጠፍቶ ክረምቱም ቀድሞ ወጥቷል ተብሎ፣ ልብስ ልትሰበስቡ፣ ሚኒባስ ኮንትራት ልትይዙ፣ ፎቶ የሚያነሳም ልትመድቡ ነበር። አንዷ ወደ እኔ ዞራ «አባባ፣ እርስዎ በ77 እርዳታ ላይ ሠርተዋል አሉ፤ ምን ይመክሩናል?» አለችኝ። «እስቲ አስቤ» ብዬ አመለጥኳት። የመጋዘን ሰው ሳይቆጥር አይናገርም። ይኸው ቆጥሬ ጻፍኩላችሁ።

በ1977 ዓ.ም. ዕድሜዬ 24 ነበር። ኮምቦልቻ ላይ አብያተ ክርስቲያናት የሚያከፋፍሉት እህል በሚራገፍበት መጋዘን ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። መኪናው ከአሰብ ተነስቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ ይመጣል፤ እኔ ጆንያ እቆጥራለሁ፣ የተቀደደውን ለይቼ አስመዝናለሁ፣ ቢን ካርድ በሚባለው የክምችት መመዝገቢያ ካርድ ላይ እጽፋለሁ። የመንግሥት መጋዘን ሞዴል 19 (የገቢ) እና ሞዴል 22 (የወጪ) የሚለውን እኛም በራሳችን ደረሰኝ እንሠራው ነበር፤ ሳይፈረም የገባም የወጣም አልነበረም። ሥራው ይሄው ነው። ጀግንነት የለበትም።

እኛ ካቶሊኮች በአገሪቱ ከመቶ አንድ አንሞላም፤ ወሎ ውስጥማ ከዚያም እናንሳለን። ዛሬ የምታውቁት የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው በጥር 2007 ነው። ያን ጊዜ የደሴ ቁምስና፣ ማለትም ደብራችን፣ የሚተዳደረው ከአዲስ አበባ፣ በብፁዕ አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ ነበር። እሳቸውም በዚያው በረሃቡ ዓመት፣ ግንቦት 1977 ላይ፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ተባሉ። እኛ ግን የሰማነው በወሬ ወሬ ነው፤ በዚያ ሰሞን ለደስታ የሚሆን ጊዜ ያለው ሰው አልነበረም።

ታዲያ ይህችን የምታህል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ምን አቅም ኖሯት ነው ያን ሁሉ እህል ያንቀሳቀሰችው? ብቻዋን አላደረገችውም። በ1965ቱ የወሎ ረሃብ ጊዜ ካቶሊኩና ፕሮቴስታንቱ እየተገናኙ ሥራ መከፋፈል ጀምረው ነበር። በ1977 ከሉተራን ድርጅትና ከመካነ ኢየሱስ ጋር በአንድ ጥላ ሥር ሆኑ፤ በኋላ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ገባችበት። በ1982 ጦርነቱ ወሎ ውስጥ ገብቶ መንገዱ ሲቆረጥ፣ ከአሰብ የመጣውን እህል በእኛ በኩል አሳልፎ፣ የጦር ግንባሩን አቋርጦ ትግራይ ያደረሰው ይኸው ኅብረት ነው። እናንተም ሚኒባስ ከመከራየታችሁ በፊት መስጊዱንም፣ ኦርቶዶክሱንም፣ እድሩንም ጠይቁ። እዚያ ቀበሌ ዘመድ ያለው ሰው አንዳቸው ጋ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ድርቁ ከሰማይ ነው፤ ሰው እንዲያልቅ ያደረገው ግን ድርቁ ብቻ አይደለም። ጦርነቱ ነበር፣ ገበያው ተዘግቶ ነበር፣ ወሬው ቶሎ ወጥቶም ቶሎ የሰማው አልነበረም። ገበሬው መጀመሪያ በጉን ሸጠ፣ ቀጥሎ በሬውን፣ ቀጥሎ የቤቱን ቆርቆሮ፤ የቀረችውን ዘር በላ። ከዚያ በኋላ ነው ልጆቹን አንጠልጥሎ ወደ አስፋልት የወጣው። ኮረምና ባቲ መጠለያ የተሰበሰበው ሕዝብ እህል አጥቶ ብቻ አይደለም የሞተው። ኩፍኝ፣ ተስቦ፣ ግርሻ፣ ተቅማጥ ነው የጨረሰው፤ ብርዱም አለ። ዓለም ረሃቡን ያየው በጥቅምት 1977 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከኮረም ባሳየው ፊልም ነው፤ ለዚያ ሕዝብ ግን እህሉ ሊደርስ የሚገባው ከስድስት ወር በፊት፣ ገና ቤቱ ሳለ ነበር። እኛም ይህ ሲገባን የወር ቀለብ እየሰፈርን ሰውን ወደ ቀዬው ወደ መመለስ ዞርን። ስለዚህ «የት ነው ብዙ ሰው የተጎዳው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ዘንድሮ በሬ የሸጠው ማነው?» በሉ።

ቀለቡ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ስንዴ ነበር። ጆንያው 50 ኪሎ ነው፤ ለሦስት ሰው 45 ይወጣና አምስቷ ኪሎ ትተርፋለች። በሺህ ሰው መሀል ይቺ አምስት ኪሎ የጠብ ምንጭ ነች። ሚዛን ስለማይበቃ በባዶ ጋሎን የዘይት ጣሳ እንሰፍር ነበር፤ ጣሳው ግጥም ሲል ሦስት ኪሎ ገደማ ይይዛል፣ አምስት ጣሳ ለአንድ ሰው ማለት ነው። አንድ ደግ ሰፋሪ ነበረን። ሽማግሌ ሲያይ፣ እርጉዝ ሲያይ አንጀቱ አይችልም፤ ጣሳውን ቆልሎ ነው የሚሰጠው። ምርቃቱ ይዘንብለታል። አንድ ቀን ቀኑ መሸት ሲል ስንዴው አለቀ፤ ሰልፉ ግን አላለቀም። ማታ በፋኖስ ቁጭ ብለን አሰላነው፦ ቁልሉ አንድ እፍኝ፣ 150 ግራም ቢሆን፣ ለ100 ሰው በ500 ጣሳ 75 ኪሎ ይመጣል። የአምስት ሰው የወር ቀለብ በደግነት ሄዷል። በማግስቱ የጣሳውን አፍ የምናስተካክልበት ቀጥ ያለ ዘንግ ተቆረጠ። ሰፋሪው ያን ቀን አኩርፎ ምሳ አልበላም።

ይህን ያነሳሁት ልክ አዋቂ ሁኑ ለማለት ብቻ መስሏችሁ ከሆነ ቀጥሉና አንብቡ፤ እኔ ራሴ በልክ አዋቂነቴ ነው የበደልኩት።

ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ዳር እናድል ነበር። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ መጣች፤ ካርድ የላትም። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቴ ወረድኩበት፣ ስሟ የለም። «ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበርሽ ጋ ሄደሽ ተመዝገቢ» አልኳት። «እሱማ ለሠፈራ ይጽፈኛል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። በዚያን ዓመት ስም መጻፍ ማለት ብዙ ሰው ዘንድ ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር መጫን ነበር፤ ከነጭራሹ ወደ እህሉ የማይቀርቡም ነበሩ። ይህን አውቅ ነበር። ግን ስሟ የለም፣ እኔም የማወራርደው ሒሳብ አለብኝ። የልጁ እግር ከነጠላው ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ጫማ ሳይሆን ጨርቅ ነው የተጠቀለለበት፣ የሰማያዊ ልብስ እራፊ። ተመልሳ ሄደች። በሚቀጥለው ወር ሰልፉ ውስጥ ፈለግኋት። አልመጣችም።

አብራን የምትሠራ ሲስተር ነበረች። ነገሩን ስነግራት አልተቆጣችኝም፤ ደብተሬን ተቀበለችና የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ ከላይ «ስማቸው የሌለ» ብላ ጻፈችበት። ከዚያ ወዲያ በየማደያው ሦስት የአካባቢ ሰው በር ላይ ይቀመጣል፦ አንድ ሼህ፣ አንድ ቄስ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት። ካርድ የሌለው ሲመጣ «የማን ልጅ ነህ?» ይሉታል፤ ካወቁት በዚያ ገጽ ይጻፋል፣ ይሰፈርለታል። ለዚያ ገጽ ተብሎ ከመቶ ጆንያ ሁለቱ አይነኩም ነበር። ያጭበረበረን ሰው ነበር? ነበር፣ ግን ጥቂት ነው። ሼሁ የኦርቶዶክሱን ቤት፣ ቄሱ የእስላሙን ቤት ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ወሎ ነውና ማን ማንን ሸውዶ ያመልጣል?

ስለ ልብሱ አጭር ላድርገው። ከባሕር ማዶ የመጣ ጆንያ ስፈታ ባለ ረጅም ተረከዝ የሴት ጫማ፣ ያውም አንድ እግሩን ብቻ፣ አግኝቼ አውቃለሁ። መጋዘን ውስጥ ለስንት ዓመት መሳቂያችን ሆኖ ተቀምጧል። ብርድ ልብስ ከሆነ እሺ፤ አሮጌ ልብስ ግን ለሰጪው እንጂ ለተቀባዩ አይቀልም፣ ማጓጓዣውም ከዋጋው ይበልጣል። ፎቶውንም ተዉት። የግድ ለሰጠው ሰው ማሳየት ካለባችሁ የጆንያውን ክምር አንሱ።

ሌላም አለ። ከረሃቡ በኋላ በምግብ ለሥራ ተራራ ለተራራ እርከን ሠራን፣ ችግኝ ተከልን፤ የቀን ክፍያው 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። እርከኑ ዛሬም ብዙ ቦታ አለ። ዛፉ ግን በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ በአንድ ሰሞን ተጨፈጨፈ። ሰዉ ዛፍ ስለጠላ አልነበረም። ሲተከል «የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፣ ሲቆረጥም የማንም አልነበረም። ቶሳ ተራራ ላይ ልትተክሉ ስትወጡ ከታች ያለውን ገበሬ አስቀድማችሁ አነጋግሩት።

እንግዲህ ለዘንድሮው። ከሙዳየ ምጽዋቱና ከእድሩ የምታገኙትን ብር ዘር ግዙበት ባይ ነኝ። የደጋው ሰው ኑሮው በበልግ ገብስ ነው፤ በየካቲት ካልዘራ ሰኔ ላይ የሚያጭደው የለውም፣ ዘሩን ደግሞ በልቶታል። ዘሩ ከዚያው ከደጋ ይገዛ፣ የቆላ ዘር አትውሰዱ፤ ከመግዛታችሁ በፊት እፍኝ ያህሉን እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ መብቀሉን እዩ። ጥር ሳያልቅ መድረስ አለበት፤ ስለዚህ ቆጠራው በዚህ ሳምንት ይጀመር። ቅዳሜ ጠዋት የምትወጡ ከሆነ እኔም እመጣለሁ፤ ጉልበቴ ዳገት ስለማይችል በር ላይ እቀመጣለሁ። ደብተር ገዝቻለሁ፣ የመጨረሻውን ገጽ አትንኩብኝ።

አባታችሁ፣
ጡረተኛ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ