ስለ እናንተ ሌላ ሰው የሚጽፈው ገጽ

ውድ ልጆቼ፣

ውጭ አገር ለመማር ስኮላርሺፕ ስትሞሉ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ኤሴው፣ ስለ ራሳችሁ የምትጽፉት ድርሰት ነው። ትጽፋላችሁ፣ ትሰርዛላችሁ፣ ለጓደኛ ታሳያላችሁ፣ እንደገና ትጽፋላችሁ። ደግ ነው። ግን ማመልከቻችሁ ውስጥ እናንተ የማትጽፉት ክፍል አለ። እሱን የምታስታውሱት ደግሞ ቀነ ገደቡ ደርሶ ነው። የድጋፍ ደብዳቤውን፣ ሪኮመንዴሽን የምትሉትን ማለቴ ነው።

ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎቼ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ከመራጮች ጋር ተቀምጬ የሌሎችንም አንብቤአለሁ። ከሁለቱም በኩል ያየሁት አንድ ነው። ውጤታቸው ተቀራራቢ በሆነ ተማሪዎች መካከል ሚዛን የሚደፋው ብዙ ጊዜ ይህ ገጽ ነው።

ለምን መሰላችሁ? ትልልቆቹ ስኮላርሺፖች ጋ ጥሩ ጂፒኤ ያለው ሰው ሞልቷል። መራጮቹ ከዚያ በላይ የሚፈልጉት ነገር አለ። ነገሩም የዛሬ አይደለም። በስሙ የሚጠራውን የሮድስ ስኮላርሺፕ የመሠረተው እንግሊዛዊው ባለሀብት ሴሲል ሮድስ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሞት በኦክስፎርድ ለሚማሩ ወጣቶች ገንዘብ ተናዞ ነበር። ኑዛዜው ከትምህርት ውጤት ሌላ እውነተኛነት፣ ድፍረት፣ ለደካማ መቆርቆርና ሰው የመምራት ችሎታ እንዲታይ ያዝዛል። (ያኔ የታሰበው ለወንዶች ብቻ ነበር። ለሴቶች የተከፈተው በ1977 ነው፤ ዛሬ ለምታመለክቱ ሴት ልጆች ይህን ማወቁ አይከፋም።) በ1946 የተጀመረው የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ፉልብራይት፣ የተለያዩ አገሮች ሕዝቦች እንዲግባቡ የታሰበ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ከ1983 ጀምሮ የሚሰጠው ቺቭኒንግ ነገ መሪ የሚሆን ሰው ይፈልጋል፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድም ይጠይቃል። በ2000 የተቋቋመው፣ በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጌትስ ኬምብሪጅ ደግሞ የሌሎችን ሕይወት ለማሻሻል ምን ያህል ትጨነቃላችሁ ይላል።

እውነተኛነት፣ መሪነት፣ ለሌላው ማሰብ። አንዳቸውም ትራንስክሪፕት ላይ አይገኙም። ራሳችሁ «እኔ እውነተኛ ነኝ» ብላችሁ ብትጽፉም ማንም አይቀበላችሁም። የሚያውቃችሁ ሰው መመስከር አለበት።

ምስክርነቱ እንዴት እንደሚነበብ ላሳያችሁ። ብዙው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «አመልካቹ ጎበዝ፣ ታታሪና ሰው አክባሪ ነው። ከክፍል አይቀርም። ለዕድሉ ብቁ ነው ብዬ አምናለሁ።» ክፉ ቃል የለበትም። ግን ስሙን አውጥታችሁ የሌላ ተማሪ ስም ብታስገቡበት ምንም አይጎድልበትም። አንባቢው «ይህ መምህር ልጁን አያውቀውም» ይልና ወደሚቀጥለው ፋይል ያልፋል።

አንድ ሌላ ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። መምህሩ የጻፈው ስለ አንዲት ተማሪው ነው። ልጅቷ የላብራቶሪ ውጤቷን ክፍል ውስጥ አቅርባ ተጨብጭቦላት ነበር። በሳምንቱ ቢሮው መጣች። መለኪያ መሣሪያው በትክክል እንዳልተስተካከለ አግኝታለች፤ ያቀረበችው ቁጥር ልክ አይደለም። ማንም አልጠየቃትም፣ ማንም አላወቀባትም። ሥራውን ከሀ ጀምራ ደገመችው። አዲሱ ውጤት እንደ ፊተኛው የሚያስደንቅ አልነበረም። እሷ ግን እሱኑ አስገባች። ደብዳቤው ይህን ተረከ እንጂ ሙገሳ አላበዛም። ለምርጫው ከተቀመጥነው ስለ ሐቀኝነቷ ሌላ ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ በአንድ ሳምንት ጥድፊያ አይገኝም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መምህሩ የሚጽፈው ነገር እንዲኖረው ሥራችሁን አስቀድሞ ማየት ነበረበት። ስለዚህ ገና ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ሳላችሁ አንድ ሁለት መምህራንን በሥራ ቅረቡ። ያልገባችሁን ይዛችሁ ቢሮ ሂዱ። ጥናት ሲሠሩ መረጃ የሚሰበስብ ሰው ከፈለጉ እጃችሁን አውጡ። የተቀበላችሁትን ሥራ ደግሞ ጨርሱ። ይህን ማሽቃበጥ የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። አይደለም። መምህር ከሚያወድሰው ተማሪ ይልቅ ጥሩ ጥያቄ ይዞ የሚመጣውን ያስታውሳል፤ እኔም የማስታውሰው እንደዚያ ነው።

ማንን እንጠይቅ ትሉኛላችሁ። ትልቅ ማዕረግ ያለውን አታሳዱ። አንድ ቀን እጅ የጨበጣችሁት ዲን ከሚጽፈው ሁለት መስመር፣ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሥራችሁን ያረመ ወጣት ሌክቸረር የሚጽፈው ይበልጣል። ደግሞም ምስክሮቻችሁን አከፋፍሉ። ፉልብራይት ሦስት ደብዳቤ ይጠይቃል። ጌትስ ኬምብሪጅ ስለ ትምህርታችሁ ሁለት፣ ስለ እናንተ ማንነት ደግሞ ለብቻው አንድ ይፈልጋል። ሦስቱም ሰዎች «ጎበዝ ነው» ካሉ ሁለቱ ባከኑ። አንዱ ስለ ምርምራችሁ፣ ሌላው በሥራ ቦታ ስለሠራችሁት፣ ሦስተኛው ከሰው ጋር እንዴት እንደምትኖሩ ቢናገር ግን አንባቢው ሙሉ ሰው ያያል።

ስትጠይቁ ቢያንስ ወር ከምናምን አስቀድሙ። ቢቻል በአካል ሂዱ። «ደብዳቤ ይጻፉልኝ» ብቻ አትበሉ። «ጠንካራ ደብዳቤ ለመጻፍ የሚበቃ ያህል የሚያውቁኝ ይመስልዎታል?» በሉ። ሰውየው ካመነታ አመስግናችሁ ሌላ ሰው ጋ ሂዱ። ያመነታ ሰው የሚጽፈው ደብዳቤ ለብ ያለ ነው፤ ከለብ ያለ ደብዳቤ የበለጠ የሚጎዳ ብዙ ነገር የለም። እሺ ካለ ሲቪያችሁን፣ የኤሴውን ረቂቅና ስኮላርሺፑ የሚፈልገውን መስፈርት ስጡት። አንድ ገጽም ጨምሩ፦ በየትኛው ኮርስ አስተማረን፣ ምን ሠራን፣ የት ላይ ተቸገርን፣ እንዴት ተወጣነው። መምህሩ ብዙ ተማሪ አለው። እናንተ ከምታስቡት በላይ ይረሳል።

«ራስህ ጻፈውና ልፈርምልህ» የሚል ያጋጥማችኋል፤ የተለመደ ነው። እሺ አትበሉ። በትሕትና ያንን አንድ ገጽ ስጡትና «ከዚህ ላይ በራስዎ አማርጠው ይጻፉልኝ» በሉት። ኤሴውና ደብዳቤው ከአንድ እጅ የወጡ ሲሆኑ ብዙ ያነበበ ሰው ይለየዋል። ከዚያ ወዲያ የቀረው ማመልከቻ ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚታየው።

ከደብዳቤው ውጭ ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ። አንደኛ፣ «ስኮላርሺፑን እናስጨርስላችኋለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹ። ቺቭኒንግም ፉልብራይትም ለማመልከቻ ክፍያ የላቸውም። (አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ለመግቢያ ማመልከቻ የሚያስከፍለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱም የሚከፈለው በራሱ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ነው።) ሁለተኛ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ግዴታውን አንብቡ። ቺቭኒንግ ስትጨርሱ ወደ አገራችሁ ተመልሳችሁ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንድትቆዩ ያስገድዳል። በፉልብራይት አሜሪካ የሚማር የውጭ ተማሪም የሁለት ዓመት የመመለስ ግዴታ አለበት። ቤተሰብ ያላችሁ፣ ከዚያው ወደ ፒኤችዲ ለመሻገር የምታስቡ፣ ይህን አስቀድማችሁ ከቤታችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ውጤቱ ሲወጣ ደግሞ ለጻፉላችሁ ሰዎች ንገሯቸው። ያለፉት ደስታ ይዟቸው ይጠፋሉ፣ የወደቁት አፍረው ይጠፋሉ። እኛ ግን እንጠብቃለን። ቅዳሜ ቁጭ ብለን ስለ እናንተ ጽፈናል፤ የት እንደደረሳችሁ ማወቅ እንፈልጋለን። ካልተሳካ በተለይ ኑ። አብዛኞቹ ስኮላርሺፖች በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ማመልከት ይፈቅዳሉ። ደብዳቤው ኮምፒውተሬ ላይ አለ። በዚህ ዓመት የሠራችሁትን ንገሩኝና አዲስ አንቀጽ እጨምርበታለሁ።