መልስ፦ የድሮ ካሴት ቴሌግራም ላይ ስለመልቀቅ

ወንድሜ፣ «አባቴ ደብረ ብርሃን የገዛውን፣ ከገበያ የጠፋ ካሴትና መንዝ ሠርግ ላይ ራሱ የቀዳውን ፉከራ ቴሌግራም ላይ ብለቅ ሌብነት ነው ወይ?» ላልከው፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የተገዛውን ለራስህ መገልበጥ ትችላለህ፤ የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) ለግል አንድ ቅጂ ይፈቅዳል። ለሕዝብ መልቀቅ ሌላ ነው። የአሳታሚው መብት 50 ዓመት ይቆያል። ካሴቱ ከገበያ ስለጠፋ መብቱ አብሮ አይጠፋም፤ ይሄ እኔንም ያናድደኛል። ለፉከራው ደግሞ ፎካሪውን ወይም ቤተሰቡን አስፈቅድ። አገር ቤት ያለ ሰው በዘመድ በዘመድ ይገኛል።

መገልበጡን ግን ዛሬ ነገ አትበል፤ ክሩ እያረጀ ነው። መጀመሪያ የማጫወቻውን ሄድ (ክሩን የሚያነበውን ክፍል) በአልኮል ጥረግ። በዋቭ (WAV፣ ድምፁ በማይጨመቅበት የፋይል ዓይነት) ቅዳ፤ ኤምፒስሪው ለመላላክ ብቻ ይሁን። ሽፋኑንም በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሳ። ዋናውን ካሴት ደግሞ እንዳትጥለው።