ምስርና ጤፍ እየበላሁ ደሜ ለምን አነሰ?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሜሪላንድ የምኖር፣ የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ያለኝ፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። በቅርቡ ስመረመር ሄሞግሎቢኔ 10.2 ሆኖ ስለተገኘ የብረት እንክብል ታዘዘልኝ፤ ነርሷም ዊክ (WIC) በተባለው፣ ለእናቶችና ለሕፃናት ምግብ በሚረዳው የመንግሥት ፕሮግራም እንድመዘገብ መከረችኝ። ባለቤቴ ግን «ሠርተን እየበላን የምን እርዳታ ነው?» እያለ ያቅማማል። ቤታችን ምስርና ሽሮ ጠፍቶ አያውቅም፣ እንጀራችንም የጤፍ ነው። ታዲያ ደሜ ለምን አነሰ? ጎረቤቴ ደግሞ በዊክ ለልጇ የሚሰጧት ወተት ውሃ ውሃ የሚል ነው ትለኛለች።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከባለቤትዎ ጥርጣሬ ልጀምር፤ ብዙ ቤተሰቦቻችንን ከደጃፍ የሚመልሳቸው እርሱ ነውና። የዊክ ሐሳብ የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ የምግብ ጉድለት ያመጣውን ሕመም ይዘው የሚመጡ እናቶችንና ሕፃናትን ያከሙ ሐኪሞች ምግብን እንደ መድኃኒት ማዘዝ አለብን ብለው በመነሣታቸው ነው። ኮንግረስ በ1972 ለሙከራ ፈቀደው፤ የመጀመሪያው ጣቢያም በጥር 1974 በኬንታኪ ተከፈተ። በዊክ ካርድ የሚገዛው ምግብ ፉድ ስታምፕ እንደሚባለው ሌላው የመንግሥት የምግብ እርዳታ ለገዢው ምርጫ ያልተተወውም ስለዚህ ነው፤ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአራሶችና አምስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች የሚጎድለውን ብረት፣ ፎሌትና ካልሲየም እንዲተካ ተመርጦ የተዘረዘረ ነው። ሠርቶ አዳሪም ይገባዋል። የገቢው ጣሪያ የፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 185 በመቶ ሲሆን፣ በማህፀንዎ ያለው ልጅም ከቤተሰቡ ቁጥር ይደመራል፤ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ካለዎት ደግሞ የገቢው ጉዳይ በዚያው ያልቃል። ዜግነት መስፈርት አይደለም።

ወደ ደምዎ ስንመጣ፣ በምስርና በሽሮ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንደ ሥጋው ብረት በቀላሉ አይወስደውም። የጤፍም ዝና ቢሆን ትንሽ ማስተካከያ ይሻል፤ በአገር ቤት ጤፍ ላይ ከተለካው ብረት ከፊሉ ከአውድማው አፈር የተቀላቀለ መሆኑን ተመራማሪዎች ያሳዩ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ብረት ለሰውነት እምብዛም አይጠቅምም። ደግነቱ እርሾ ፋይቴት የተባለውን ብረት አሳሪ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ፣ በደንብ የቦካው እንጀራ ከአፍለኛው ይሻላል። እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው ግን ምሳ ሳይነሣ የሚቀዳውን ቡና ነው። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ ሰውነት የሚወስደውን የብረት መጠን በእጅጉ ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ አቦሉን ቢያንስ አንድ ሰዓት ያቆዩት፣ በእርግዝናው ጊዜም ሦስተኛውን ለእንግዶች ይተዉት። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅ ማድረግ ወይም ከጎኑ የቲማቲምና የቃሪያ ሰላጣ ማቅረብ በተቃራኒው ብረቱ እንዲገባ ይረዳል። እንክብሉንም በወተት አይዋጡት፤ ምግቡ ተስተካከለ ብለውም ሐኪምዎ ሳያዝዙ አያቋርጡት።

የጎረቤትዎ ወተት ቅባቱ የተቀነሰ እንጂ በውሃ የቀጠነ አይደለም። ልጅ አንድ ዓመት ሞልቶት ሁለት እስኪሞላው ሙሉ ቅባት ያለው ወተት ይሰጠዋል፤ ከሁለት በኋላ ግን ቅባቱ ይቀነሳል፣ ካልሲየሙና ፕሮቲኑ ግን በቦታው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጡጦው ነው፦ ቀኑን ሙሉ ወተት ሲጠጣ የሚውል ልጅ ሆዱ ስለሚሞላ ሌላ ምግብ አይቀምስም፣ ወተት ደግሞ ብረት የለውም ማለት ይቻላል፤ በዚህ ዕድሜ የደም ማነስ የሚመጣበት አንዱ የታወቀ መንገድም ይኸው ነው።

አንድ የምሥራች ልጨምር። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር በ2024 የዊክን የምግብ ዝርዝር ሲያሻሽል፣ ክፍለ ግዛቶች ከሚፈቅዷቸው ያልተፈተጉ እህሎች መካከል ጤፍን በስሙ ጠርቶታል። ዝርዝሩን የሚወስነው እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ስለሆነ፣ በእርስዎ ዘንድ መግባት አለመግባቱን በቀጠሮው ቀን ይጠይቁ። መታወቂያና የመኖሪያ ማስረጃ ሲይዙ የ10.2ቱን ውጤት አብረው ይያዙት፤ የቅርብ ጊዜ የደም ምርመራ ካለዎት ጣትዎን ዳግመኛ ላይወጉ ይችላሉ።