መያዣ ወይስ ቀብድ?

«መምህር፣ ቅዱስ ጳውሎስ መንፈስ ቅዱስን ‹የርስታችን መያዣ› ይለዋል (ኤፌ. 1፥14)። መያዣ ደግሞ ዕዳ ካልተከፈለ ይወረሳል። እኔ ንስሐ ገብቼ እዚያው ኃጢአት ላይ ተመልሼ ወድቄያለሁ። ተወስዶብኝ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል።

እኅቴ፣ በዚህ ቃል የተጨነቅሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ብዙ ሰው ጠይቆኛል፣ በተለይ ቤቱን አስይዞ ከባንክ የተበደረ ሰው። መያዣ ሲባል ዛሬ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ሐራጅ ነዋ!

ጳውሎስ የጻፈው የግሪክ ቃል አራቦን ነው። ከሴም ቋንቋዎች ወደ ግሪክ የገባ የነጋዴዎች ቃል ነው፤ ለኢንሹራንስ የምንከፍለው አረቦንም ስሙ ከዚያው ነው። እርግጥ በዘፍጥረት 38 ይሁዳ የፍየል ጠቦት እስኪልክ ድረስ በትሩን ጭምር ለትዕማር ሲተውላት፣ ያ በኋላ የሚመለስ መያዣ ነበር። በገበያ ውል ላይ ግን ቃሉ ሌላ ነገር ነው። ከግብጽ በተገኙ ጥንታዊ የፓፒረስ ጽሑፎች ላይ፣ ላም የምትሸጥ ሴት ከዋጋው ላይ ቀድማ ገንዘብ ስትቀበል ገንዘቡ አራቦን ይባላል። እኛ ቀብድ እንለዋለን። ቀብድ ከዋጋው ተቆርጦ ቀድሞ የመጣ ነው፣ ሲጨረስ አይመለስም፣ የቀረው ይጨመርበታል እንጂ። በቅዳሴ መሃል ሳታስቢው እንባሽ የሚመጣበት፣ ልብሽ የሚያርፍበት ያ ሰዓት እንግዲህ የርስቱ የመጀመሪያ ቁራሽ ነው።

ደግሞ ማን እንደሚሰጠው ተመልከቺ። መያዣ የሚሰጠው ተበዳሪው ነው። ቀብድ የሚሰጠው ፈላጊው ነው። «የመንፈሱንም መያዣ በልባችን የሰጠን» እግዚአብሔር ነው (2ኛ ቆሮ. 1፥22)፤ ስለዚህ የፈለገሽ እሱ ነው፣ አንቺ ገና ምንም ሳትከፍዪ።

ግን ልብ በዪ። ቀብድ ተቀብሎ ቤቱን ለሌላ የሚሸጥ ሰውም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የሚያፈርስ እጥፉን ይመልስ ይላል። ሐዋርያውም «ቅዱሱን የእግዚአብሔርን መንፈስ አታሳዝኑ» ያለው በዚሁ መንፈስ ለታተሙት ለአማኞች ነው (ኤፌ. 4፥30)። በኃጢአት መቆየት ቀላል ነገር አይደለም፣ አላባብልሽም። ዳዊትም በኃጢአት ከወደቀ በኋላ ቅዱስ መንፈስህን «አትውሰድብኝ» እያለ ያለቀሰው ለዚህ ነው፤ አለቀሰ፣ ግን አልሸሸም።

አንቺም አትሽሺ። «በዚሁ ነገር ስንተኛ ጊዜዬ ነው» ብለሽ ከንስሐ አባትሽ መደበቁን ተዪና ዛሬውኑ ደውዪላቸው።