ሁለት ባላ፣ ሁለት ፓስፖርት

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አንድ ወዳጄ ደወለ። ሰላምታው ረዘም አለ። ልጆቹን ጠየቀ፣ ወገቤን ጠየቀ፣ ሥራ እንዴት ነው አለ። ነገር እንዳለው ያኔ ገባኝ።

«ጋሼ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። በሱ ብገባስ? ለምን ብዬ ለቪዛ እከፍላለሁ?»

አሜሪካዊ ከሆነ ሰባት ወሩ ነው። ይህን ጥያቄ በየዓመቱ፣ በተለይ የገና ትኬት መቆረጥ ሲጀምር፣ ከብዙ ሰው እሰማዋለሁ። አልፈርድባቸውም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በሌላው ተንጠልጠል» እየተባልን ነው ያደግነው። እዚህ ላይ ግን አንደኛው ባላ የተነቀለው ሌላውን በተከላችሁበት ቀን ነው። ቆሞ የሚታየው ማንም ስላልተደገፈው ብቻ ነው።

መግባቱ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። ጉዱ መውጫው ላይ ነው። አንዲት የማውቃት እህት በአሮጌው ፓስፖርቷ ቦሌ ገባች። ማኅተም ተመታላት። ሦስት ሳምንት ከእናቷ ጋር ከርማ ስትመለስ፣ ቼክ-ኢን ላይ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ተጠየቀች። የቼክ-ኢኗ ሠራተኛ የምትጠይቀው ለነገር ፍለጋ አይደለም። ተሳፋሪ ደርሶ አትገባም ቢባል መልሶ የሚያመጣውም ቅጣት የሚከፍለውም አየር መንገዱ ነው። የእህታችን ግሪን ካርድ የዜግነት መሐላ በፈጸመችበት ዕለት ተመላሽ ሆኗል። ስለዚህ ሰማያዊውን የአሜሪካ ፓስፖርት አወጣች፤ አለፈች። ኢሚግሬሽን ጋ ስትደርስ እሱንኑ ሰጠች። ፖሊሱ ገጾቹን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ገለጠ። ቪዛ የለም፤ የመግቢያ ማኅተም የለም። «በምን ገባሽ?» ሲላት ሌላኛውን አወጣች። ሁለቱም ፓስፖርት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰውየው አልጮኸባትም። «የትኛዋ ነሽ?» ብቻ ነው ያላት። አውሮፕላኑ አልጠበቃትም።

የአሜሪካኑን ትቼ በኢትዮጵያው እመለሳለሁ እንዳትል ደግሞ፣ የአሜሪካ ሕግ ዜጋው በአሜሪካ ፓስፖርት እንዲወጣና እንዲገባ ያዛል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከመሐላው ዕለት ጀምሮ ነው። የኔን ላስታውስ። ወረፋ ይዘን ስንገባ ግሪን ካርዳችንን ተቀበሉን። ትንሽ ባንዲራ ሰጡን። ቆመን ማልን፣ ሰርተፊኬታችንን ይዘን ወጣን። የኢትዮጵያ ፓስፖርቴን የጠየቀኝ የለም። የኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ እቤት ገብቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከዚህ ተነስቶ ነው ሰው «አሜሪካ ካልወሰደችብኝ አሁንም አለኝ» የሚለው። አሜሪካ የተቀበለችው የራሷን ካርድ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ዜግነት የሚናገረው የኢትዮጵያ ሕግ ነው።

እሱ ደግሞ አያሻማም። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘን ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ኤምባሲ ሄዶ መፈረም አይጠበቅም። እጅ ወጥቶ መሐላው ሲያልቅ እሱም አለቀ። ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን የወረቀቱ ነው፤ የዜግነቱ አይደለም።

አውሮፓ ያላችሁት ደግሞ ሌላ ወሬ ይደርሳችኋል። «ጀርመን ፈቅዳለች» ይባላል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ ጀርመን የቀድሞ ዜግነትህን ተው ማለቷን አቁማለች። ኖርዌይም ከ2020 ጀምሮ እንዲሁ። ግን የፈቀዱት በነሱ በኩል ያለውን ነው። በር በሁለት ወገን ሲቆለፍ፣ አንዱ ወገን ቁልፉን ስለፈታ አይከፈትም። ጀርመን ግድ የለኝም አለች ማለት አዲስ አበባም ግድ የላትም ማለት አይደለም።

ነገሩ የቪዛ ክፍያ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ በ2009 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንክና በኢንሹራንስ የነበራቸውን አክሲዮን እንዲለቁ ብሔራዊ ባንክ አዘዘ። አክሲዮኑን ሲገዙ «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ብለው የፈረሙ ስንቱ ተሯሯጡ። በ2011 ሕጉ ተሻሽሎ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ተከፈተ። የገቡት ግን በዜግነት ሳይሆን በትውልደ ኢትዮጵያዊነት ነው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከመሐላው እስከ አሜሪካ ፓስፖርቱ ባለው ጊዜ ትኬት አትቁረጡ። ግሪን ካርዱ ተመላሽ ሆኗል። የዜግነት ሰርተፊኬቱን ራሱን ከፓስፖርት ማመልከቻው ጋር ልካችሁታል። እጃችሁ ላይ የሚቀረው አሮጌው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ነው፤ ሰውን የሚያሳስተውም ያ ጊዜ ነው።

ታዲያ ሁለት ፓስፖርት ይዞ መሄድ በሕግ የለም? አለ። አሁንም ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው፣ ፓስፖርቱ አልቆ የአሜሪካ ቪዛው ግን ገና ካላለቀ፣ ቪዛው ያለበትን አሮጌና አዲሱን አንድ ላይ ይዞ መጓዝ ይችላል። ቪዛውን ከአሮጌው ገንጥሎ አዲሱ ላይ መለጠፍ ግን ቪዛውን ማበላሸት ነው። ይህን ያደረገ ሰው አይቻለሁ፤ በሙጫ። ደግሞም ሥራው አገር ለአገር የሚያዞረው ሰው፣ አንዱ ፓስፖርት ለቪዛ ኤምባሲ ሲቀመጥበት፣ ሁለተኛ የአሜሪካ ፓስፖርት መጠየቅ ይችላል። እስከ አራት ዓመት ያገለግላል። እንግሊዞችም ለዚሁ ምክንያት ተጨማሪ ፓስፖርት ይሰጣሉ። መጀመሪያ ካናዳዊ፣ ኋላ አሜሪካዊ የሆነም ሁለቱንም ቢይዝ ሁለቱም አገሮች አይከለክሉትም። እነዚህ ሁሉ ደጅ ላይ ሊታዩ የሚችሉ ናቸው። የምትደብቁት ፓስፖርት ካለ ግን፣ መደበቁ ራሱ መልሱን ነግሯችኋል።

አሁን ወደ ቪዛ ፎርም። ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ለምሳሌ ስዊድናዊ የሆነ ሐበሻ አሜሪካ ለመሄድ ኢስታ (ESTA) የሚባለውን፣ ያለ ቪዛ ለመግባት የሚጠየቅበትን የፈቃድ ፎርም ይሞላል። ፎርሙ ሌላ ዜግነት አለህ ወይ ብሎ አይበቃውም፤ ከዚህ በፊትስ ነበረህ ወይ ይላል። የትውልድ ቦታችሁ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ተብሎ ፓስፖርቱ ላይ ተጽፏል። «አልነበረኝም» የሚል መልስ ማንን ያሳምናል? ነበረኝ፣ ኢትዮጵያዊ ነበርኩ፣ እስከዚህ ዓመት። አለቀ። ኢትዮጵያዊ ነበርኩ ማለት ብቻውን አያስከለክልም።

ከዚህ የሚከፋው «ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ?» የሚለው ነው። ስንቶቻችን በሃያዎቹ ዕድሜያችን አዲስ አበባ ላይ የአሜሪካ ቪዛ ተከልክለናል! አዲስ ፓስፖርት ሲመጣ ያ የተሰረዘ ይመስለናል። አሻራው ግን ያው አሻራ ነው። የሸንገን ቪዛ አሻራ ራሱ ለ59 ወራት ተመልሶ ይሠራበታል። የድሮው ክልከላ ብቻውን ዛሬ ብዙም አይጎዳችሁም፤ ያኔ ሥራም ትዳርም አልነበራችሁም፣ አሁን አላችሁ። «የለም» ብላችሁ የጻፋችሁት ውሸት ግን በአሜሪካ ሕግ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል።

ውሸት ሳትናገሩም ውሸታም የምትመስሉበት መንገድ አለ። ስምና የልደት ቀን። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ገብረ መድኅን በአንዱ ሰነድ አንድ ቃል፣ በሌላው ሁለት ተደርጎ ይጻፋል። ከዚያ «ገብረ» የራስ ስም፣ «መድኅን» የአባት ስም ይሆንና አባትየው ከነጭራሹ ይጠፋል። የልደት ዘመንም እንደዚያው። ጥር 1975 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ 1983 ነው። ጸሐፊው ሳይቀይር 1975 ብሎ ከጻፈው በአንድ ቀን ስምንት ዓመት አረጀ። እኔ ራሴ በሁለት ሰነድ ሁለት ዕድሜ ነበረኝ። ለማስተካከል አንድ ክረምት ሙሉ ወረቀት ይዤ ዞሬያለሁ። ቪዛ ከመጠየቃችሁ በፊት ፓስፖርቱን፣ የልደት ሰርተፊኬቱን፣ የጋብቻ ወረቀቱን ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ስም ቀይራችሁ ከሆነ የቀየራችሁበትን ወረቀት ኮፒ አብራችሁ ያዙ። ፎርሙም «ሌላ የተጠቀምክበት ስም» የሚል ቦታ አለው፤ እዚያ ሙሉት።

ጥገኝነት ያገኛችሁ ወገኖቼ፣ ለእናንተ ግን ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። እጃችሁ ላይ ያለው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ «ከኢትዮጵያ በስተቀር» ይላል። እሱን ይዛችሁ ቪዛ ስትጠይቁ አንዳንድ ኤምባሲ ያንገላታል፤ አውቃለሁ። ስለዚህ አንዱ ይመጣና «ኤምባሲ ሄደህ የኢትዮጵያ ፓስፖርትህን አሳድስ፣ በሱ ይቀልሃል» ይላል። ቆም በሉ። እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 1 ፊደል ሐ፣ ስደተኛው በፈቃዱ ተመልሶ በዜግነት አገሩ ጥበቃ ሥር ከገባ ስደተኝነቱ እንደሚያበቃ ይናገራል። ፓስፖርት ማሳደስ ደግሞ የመንግሥትን ጥበቃ መጠየቅ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። «መንግሥት ያሳድደኛል» ብላችሁ ኬዝ አስገብታችሁ፣ ከዚያው መንግሥት ፓስፖርት ተቀብላችሁ፣ በሱ የእረፍት ቪዛ ብትጠይቁ መኮንኑ ምን ይበል? ሁለቱንም ታጡና ከሁለት ያጣ ትሆናላችሁ። እናት ታማ፣ አባት ሞቶ ከሆነ ያማል። እንደዚያም ሆኖ መጀመሪያ የጥገኝነት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ጋ ሂዱ። የሠፈር ሰው ምክር፣ የኔንም ጨምሮ፣ ለዚህ አይበቃም።

ስለ ልጆች ባጭሩ። እናት ወይም አባት ገና ኢትዮጵያዊ እያሉ ውጭ የተወለደ ልጅ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የተወለደበት አገርም ዜግነት ሊኖረው ይችላል። ይህ እስከ አካለ መጠን ይቆያል። 18 ከሞላው በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ የኢትዮጵያን እመርጣለሁ ብሎ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ልጁ ያኔ ስለ ኮሌጅ እንጂ ስለዚህ አያስብም። ወላጅ ነው ማስታወስ ያለበት።

ለቀረነው ግን መንገዱ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ እኛ ቢጫ ካርድ የምንለው። እሱን የያዘ ለመግባትም ለመኖርም ቪዛ አያስፈልገውም። ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ቤት በስሙ ይይዛል። አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አይቀጠርም። ፓስፖርት አይደለም፤ ከውጭ አገር ፓስፖርታችሁ ጋር ነው የሚያዘው፣ ለሌላ አገር ቪዛም አይረዳም። አያት ወይም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ የነበሩም ይጠይቃል። በየዓመቱ የምትመላለሱ ከሆነ ኢ-ቪዛ እየገዙ መኖር ለኔ ገንዘብ ማባከን ነው። ጠቅልሎ መግባት የፈለገና የውጭ ዜግነቱን ለመተው የቆረጠ ደግሞ ኢትዮጵያዊነቱን መልሶ እንዲያገኝ የዜግነት አዋጁ አንቀጽ 22 ላይ በር ትቶለታል።

ወዳጄ መጀመሪያ ኩርፍ አለ። «እንዲህ ከሆነ ልጣለው?» አለኝ። እንዳትጥል አልኩት። በማግስቱ ለገናው የ30 ቀን ኢ-ቪዛ ሞላ፤ የአሜሪካ ፓስፖርቱ ከስድስት ወር በላይ እንደሚቀረው አብረን አየን። ከዚያ ለቢጫ ካርዱ ማመልከት ጀመረ። ትውልዱን የሚያሳይ ማስረጃ ሲጠየቅ ሌላ ወረቀት አልነበረውም። ያ ሁለት ዓመት የቀረው ፓስፖርት ኮፒ ተደርጎ ማመልከቻው ላይ ተያያዘ።